«ከመጠለያ ትወጫለሽ» የሚል ወረቀት ሲደርስ፦ 15 ቀኑን ቁጠሪ

ከዋሽንግተን ዲሲ የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው። ጠያቂዋን የሚያሳውቀውን ነገር አውጥቼ አሳጥሬዋለሁ።

«ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? ከሁለት ልጆቼ ጋር ዲሲ የቤተሰብ ሼልተር ውስጥ ነው ያለሁት። ወርክ ፐርሚቴ ከመጣ ወዲህ ማታ ማታ ሆቴል አጸዳለሁ። ልጆቼን የአክስቴ ልጅ ታቆይልኛለች፤ ከሥራ ስወጣ ወስጃቸው እገባለሁ። ባስ ሲያመልጠኝ የመግቢያ ሰዓት ያልፍብኛል። አራት ጊዜ ሆኗል። ባለፈው ሐሙስ ወረቀት ሰጡኝና ፈርሚ አሉኝ፤ ፈረምኩ። ትልቁ ልጄ 9 ዓመቱ ነው፤ አንብቦ ‹ማሚ፣ ከዚህ ውጡ ነው የሚለው› አለኝ። እዚህ ያሉት ሰዎች ‹የመንግሥት ቤት ነው፣ በነጻ ነው የምትኖሪው፣ ምን መብት አለሽ? ብትከራከሪ የአሳይለም (የጥገኝነት) ኬዝሽን ያበላሹብሻል› ይሉኛል። እውነት ነው? ልጆቼን ይዤ የት ልሂድ?»

እህቴ፣ የሚያስቸኩለውን ላስቀድም። ሌላውን ልጆቹ ሲተኙ ቀስ ብለሽ ታነቢዋለሽ።

ወረቀቱ እጅሽ ከገባበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ «ፌር ሂሪንግ»፣ ማለትም አቤቱታሽ ዳኛ ፊት የሚሰማበትን ችሎት ከጠየቅሽ፣ ጉዳዩ እስኪወሰን ድረስ ከነልጆችሽ እዚያው የመቆየት መብት አለሽ። የዲሲ ሕግ ነው እንዲህ የሚለው። ሐሙስ ከተቀበልሽው፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚመጣው ሐሙስ ሳይደርስ ጥያቄሽ ገብቶ ማደር አለበት። ደግሞ እስከዚያ አትጠብቂ። ነገ ጠዋት አድርጊው።

ሂሪንግ ለመጠየቅ በጠቅላላው 90 ቀን አለሽ። ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። «90 ቀን አለኝ» ብለው ይዘገያሉ። 90 ቀኑ አቤቱታሽን ያድናል፤ ክፍልሽን የሚያድነው 15 ቀኑ ነው። በ20ኛው ቀን ብትጠይቂ ዳኛ ይሰማሻል፣ ግን የምትጠብቂው ውጭ ሆነሽ ሊሆን ይችላል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት ወደ ቢሯችን መጣች። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ፣ ከልጇ የክትባት ካርድ ጋር በፌስታል ጠቅልላ ነው የያዘችው። እጥፋቱ ላይ ፊደሉ መላላጥ ጀምሯል። ከላይ በኩል በሰማያዊ እስክሪብቶ የተቀበለችበት ቀን ተጽፏል። አብረን በጣታችን ቆጠርን። 22ኛ ቀኗ ነበር። «ለምን ቶሎ አልመጣሽም?» ስላት «ኬዝ ወርከሬ እናስተካክለዋለን፣ ትንሽ ታገሺ ስላለችኝ» አለችኝ። ሴትየዋ በክፋት ያለችው አይመስለኝም። ግን የኬዝ ወርከር ቃል ቀን አያስቆምም። ቀኑን የሚያስቆመው ያቀረብሽው ጥያቄ ብቻ ነው። ያቺን እናት ከዚያ በኋላ ረድተናታል፤ ያጣቻቸውን ሌሊቶች ግን ማንም አልመለሰላትም።

ቀን ስታነቢ ደግሞ ተጠንቀቂ። አሜሪካኖች ወር ያስቀድማሉ። 03/04 ማለት ማርች 4 እንጂ ኤፕሪል 3 አይደለም። ከአገር ቤት ገና የመጣ ሰው ይህን ሲያምታታ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የተቀበልሽበትን ቀን በእጅሽ ወረቀቱ ጥግ ላይ ጻፊ፣ በስልክሽም ፎቶ አንሺው። በፖስታ መጥቶ ከሆነ ኤንቨሎፑን አትጣዪ።

ስለ ፊርማሽ አትጨነቂ። እንዲህ ባለ ወረቀት ላይ የሚፈረመው አብዛኛውን ጊዜ «ተቀብያለሁ» ለማለት ነው፤ ጥፋትሽን አመንሽ ማለት አይደለም። የይግባኝ መብትሽንም አይወስድብሽም። አንድ ነገር ብቻ አረጋግጪ። የፈረምሽው «በራሴ ፈቃድ እወጣለሁ» የሚል ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ያን ዛሬውኑ ለጠበቃ አሳዪ።

አሁን «ምን መብት አለሽ» ወዳሉሽ ሰዎች ልምጣ። እነሱም ፈርተው እንጂ አንቺን ለመጉዳት አይደለም። ግን ተሳስተዋል።

ዲሲ በ2005 ያወጣው «ሆምለስ ሰርቪስስ ሪፎርም አክት» የሚባል ሕግ አለ። መጠለያ ውስጥ ያለ ሰው ምን መብትና ምን ግዴታ እንዳለበት፣ መጠለያውን የሚያስተዳድረው አካል ምን ማድረግ እንደሚችልና እንደማይችል በዝርዝር ያስቀምጣል። ሕጉ የሚመለከተው ከተማው ራሱ የሚያስተዳድራቸውን መጠለያዎች ብቻ አይደለም። የከተማው ወይም የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ በዲሲው የሂዩማን ሰርቪስስ መሥሪያ ቤት፣ ማለትም በዲኤችኤስ በኩል የሚደርሰውን ድርጅት ሁሉ ይይዛል። አብዛኞቹን መጠለያዎች በኮንትራት የሚያንቀሳቅሱት በጎ አድራጎት ድርጅቶች ናቸው። ስለዚህ አንድ ሠራተኛ «እኛ መንግሥት አይደለንም፣ የግል ድርጅት ነን» ቢልሽ አትደናገጪ። የሕዝብ ገንዘብ ሲቀበሉ ሕጉንም አብረው ተቀብለዋል። በምእመናን መዋጮ ብቻ ሰው የምታሳድር ቤተ ክርስቲያን ካለች ግን ይህ ሕግ እሷን አይመለከትም።

ለመግባትና ለመውጣት ያለው መብት እኩል አይደለም። ሰው ሁሉ የሚደናገረው እዚህ ነው።

ወደ ውስጥ ለመግባት የዲሲ ሕግ እንደሚታሰበው ለጋስ አይደለም። ሕጉ ራሱ «በዚህ ሕግ ምክንያት ማንም ሰው አገልግሎት የማግኘት መብት አለኝ ሊል አይችልም» የሚል አንቀጽ አለው። አንድ ትልቅ ልዩ ሁኔታ አለ፤ እሱም የአየር ሁኔታው ሲከፋ ነው። የነፋሱ ቅዝቃዜ ተጨምሮ የሙቀቱ መጠን ከ32 ፋራናይት በታች ሲወርድ፣ ማለትም ከዜሮ ሴልሺየስ በታች፣ ወይም በበጋ ከ95 ፋራናይት ሲያልፍ፣ ይህም 35 ሴልሺየስ መሆኑ ነው፣ የሚያድርበት ያጣ ሰው መጠለያ የማግኘት መብት አለው። ይህ መብት በሌላው አንቀጽ አይሸረሸርም። ውጭ የሚያድር ወገን የምታውቂ ካለሽ ይህን ንገሪው። በ311 ደውሎ መጠየቅ ይችላል።

ሁሌም እንዲህ አልነበረም። በ1984 ዓ.ም. በፈረንጆቹ የዲሲ ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ ለማንኛውም ቤት አልባ ሰው የሌሊት መጠለያ የማግኘት መብት አጽድቆ ነበር። ከዚያ ትግል ፊት የነበረው ሚች ስናይደር ነው። በዚያው ዓመት 51 ቀን ጾሞ፣ የሬገን አስተዳደር ሁለተኛው ጎዳና ላይ ያለውን የፌዴራል ሕንፃ አድሶ መጠለያ ለማድረግ እንዲስማማ አድርጓል። ያ ሕንፃ እስከ ዛሬ ሰው ያሳድራል። መብቱን ግን የከተማው ምክር ቤት በ1990 ሻረው። ያኔ በር ላይ የነበረው ዋስትና ጠበበ። በቅዝቃዜና በሙቀት ቀን የሚሠራው ብቻ ቀረ።

አንዴ ከገባሽ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሕጉ ጠንከር ብሎ ከጎንሽ የሚቆመው ውስጥ ከሆንሽ በኋላ ነው። ሠራተኛ ስለተናደደ፣ ወይም ሌላ ቤተሰብ ተራ ስለሚጠብቅ ብቻ ሊያስወጡሽ አይችሉም። የሚያስወጡበት ምክንያት ተቆጥሮ ተቀምጧል። ለምሳሌ በግቢው ውስጥ ሕገ ወጥ መሣሪያ መያዝ፣ ዕፅ መያዝ ወይም መሸጥ፣ ሰው መደብደብ፣ የሰውን ደኅንነት አደጋ ላይ መጣል፣ ሆን ብሎ ንብረት ማውደም ወይም መስረቅ። የቀረበ ተስማሚ ቋሚ ቤት እምቢ ማለትም ችግር ያመጣል፤ ስለዚህ ቤት ሲያቀርቡልሽ ጠበቃ ሳታማክሪ በአንድ ቃል «አልፈልግም» አትበይ።

አንቺን የሚመለከተው የመጨረሻው ምክንያት ነው፦ የመጠለያውን ደንብ እያወቁ በተደጋጋሚ መጣስ። «አራት ጊዜ አርፍዳለች» ብለው የሚይዙሽ በዚህ ነው።

ስለዚህ ክርክርሽ እዚህ ላይ ይሆናል። በእኔ ግምት ደህና ክርክር አለሽ።

አንደኛ፣ «እያወቀች» የሚለውን ተመልከቺ። የመጠለያው ደንብ በከተማው የጸደቀ መሆን አለበት። ስትገቢ ኮፒው ሊሰጥሽ ይገባል። የተሰጠሽ በእንግሊዝኛ ብቻ ነበር? ማንስ አስረዳሽ? በስልክም ቢሆን አስተርጓሚ ነበረ? የ9 ዓመት ልጅሽ ነው ያነበበልሽ? በማይገባሽ ቋንቋ የተሰጠሽን ደንብ «እያወቅሽ ጣስሽ» ማለት ቀላል አይሆንላቸውም።

ሁለተኛ፣ ሕጉ ወጥቶ በተገቢ ሰዓት መመለስን እንደ መብት ያስቀምጣል። መጠለያ እስር ቤት አይደለም። ያው ሕግ አንቺን ሥራ ወይም ትምህርት ፈልጊ ይላል። አንቺ ሥራ አገኘሽ። እና በሥራሽ ምክንያት አረፈድሽ። ይህን ለዳኛ ሲነግሩት ይገባዋል። ግን ማስረጃ ይፈልጋል። የሆቴሉን የሥራ ፕሮግራም፣ ሥራ የምትወጪበትን ሰዓት የሚገልጽ ከአለቃሽ የተጻፈ ደብዳቤ፣ ያረፈድሽባቸውን አራት ቀናት የሚያሳይ የክፍያ ወረቀት ያዢ። የአክስትሽ ልጅም ቀርባ ልትመሰክር ትችላለች።

ሦስተኛ፣ ከማስወጣታቸው በፊት ችግሩን እንድትፈቺ ሊረዱሽ ተገቢ ጥረት ማድረግ ነበረባቸው። «ማታ የምትሠሪ ከሆነ የሥራ ደብዳቤ አምጪና የመግቢያ ሰዓትሽን እናስተካክል» ያለሽ ሰው አለ? ከሌለ ይህን በግልጽ ተናገሪ። ካለና ደብዳቤውን ሳታመጪ ቀርተሽ ከሆነም አትደብቂ። ለጠበቃሽ እውነቱን ንገሪ፤ ሂሪንግ ላይ ከሌላ ሰው አፍ መስማት የከፋ ነው።

ወረቀቱን ራሱንም ለሚችል ሰው አስነብቢ። ሕጉ ወረቀቱ ምን ምን መያዝ እንዳለበት ይናገራል። የሚወስዱት እርምጃ ምን እንደሆነ በግልጽ፣ አደረግሽ የሚሉትን ነገር ከነቀኑ በዝርዝር፣ የጣስሽው የትኛውን ደንብ ወይም ሕግ እንደሆነ፣ ይግባኝ የማለት መብትሽንና የጊዜ ገደቡን፣ በ15 ቀን ውስጥ ከጠየቅሽ አገልግሎቱ እንደሚቀጥል። ወረቀቱም እርምጃው ከመወሰዱ ቢያንስ 15 ቀን ቀድሞ ነው መሰጠት ያለበት። በቃልም ሊነግሩሽ ይገባል። «ደንብ ስለተላለፈች» ብቻ ብሎ ቀን የማይጠቅስ ወረቀት ጎደሎ ነው። በጎደሎ ወረቀት ምክንያት ውሳኔ ሲሻር አይቻለሁ።

ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያስወጡ የሚችሉበት አንድ መንገድ አለ። ሰውየው በግቢው ውስጥ ዓመፅ ከፈጸመ ወይም የሚታመን የዓመፅ ዛቻ ካሰማ ነው። ያኔም ቢሆን የጽሑፍ ወረቀትና የይግባኝ መብት አይቀርም። በባስ ምክንያት ማርፈድ እዚያ ውስጥ አይገባም። ለጊዜው ማገድ የሚባልም አለ፤ እሱ ከ30 ቀን ሊያልፍ አይችልም። ወደ ሌላ መጠለያ ማዛወር ግን ለየት ይላል። 15 ቀኑ ክፍልሽን የሚጠብቅልሽ በእገዳና በማስወጣት ጊዜ ነው፤ በዝውውር ጊዜ ያን ያህል አይከላከልልሽም።

ወደ አካሄዱ ልግባ። ሂሪንጉን በቃልም በጽሑፍም መጠየቅ ይቻላል። እኔ ግን በጽሑፍ እላለሁ፤ የቃል ነገር ይካዳል። በአማርኛ ጻፊው፣ ችግር የለውም። ይህን ያህል ይበቃል፦ «እኔ እገሊት፣ በዚህ ቀን የተሰጠኝን የአገልግሎት ማቋረጫ ወረቀት ስለማልቀበል ፌር ሂሪንግ እጠይቃለሁ። እስኪወሰን ድረስ አገልግሎቱ እንዲቀጥልልኝ እጠይቃለሁ። የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ።» ስም፣ ስልክ፣ ቀን፣ ፊርማ። ሁለት ኮፒ ያዢ። አንዱ ላይ የተቀበሉበትን ማኅተም አስደርጊና ወደ ቦርሳሽ።

የምትወስጂው ሂሪንጉን ወደሚሰማው፣ «ኦፊስ ኦፍ አድሚኒስትሬቲቭ ሂሪንግስ» ወደሚባለው የከተማው መሥሪያ ቤት ነው። ዋን ጁዲሺየሪ ስኩዌር ሕንፃ ውስጥ፣ 441 ፎርዝ ስትሪት ኖርዝዌስት፣ ክፍል 450 ኖርዝ። በቀዩ የሜትሮ መስመር ጁዲሺየሪ ስኩዌር ወርደሽ ከባቡሩ መውጫ ሩቅ አይደለም። መግቢያው ላይ ፍተሻ አለ፤ መታወቂያ ያዢ።

ከሂሪንጉ በፊት «አድሚኒስትሬቲቭ ሪቪው» የሚባል አለ። ዲኤችኤስ ራሱ ጉዳዩን መርምሮ ውሳኔው ትክክል ነው አይደለም የሚልበት ደረጃ ነው። ብዙ ሰው ይህን እንደ ተራ ስብሰባ ቆጥሮ ባዶ እጁን ይሄዳል። አታድርጊው። ብዙ ጉዳይ እዚያው ያልቃል። የሥራ ደብዳቤሽን አሳይተሽ፣ የመግቢያ ሰዓት ማስተካከያ ተሰጥቶሽ፣ ወረቀቱ ተስቦ ልትመለሺ ትችያለሽ። ካልተስማማሽ ሂሪንጉ ይቀጥላል።

ከዚያ በፊት ፋይልሽን የማየትና ኮፒ የማድረግ መብት አለሽ። ተጠቀሚበት። መጠለያው ስላንቺ የጻፈው ሁሉ እዚያ አለ። አንዳንዴ አራት ጊዜ ተባለና ፋይሉ ውስጥ ያለው ሁለት ጊዜ ብቻ ሆኖ ይገኛል። አንዳንዴ ደግሞ ደውለሽ «እዘገያለሁ» ያልሽበት ማስታወሻ እዚያው ተጽፎ ይገኛል። ያ አንድ መስመር ጉዳይሽን ሊቀይረው ይችላል።

ሂሪንጉ ላይ ጠበቃ ይዘሽ መቅረብ ትችያለሽ። ጠበቃ ካልሆነም የምታምኚው ሰው ሊወክልሽ ይችላል። የቀረቡብሽን ምስክሮች መጠየቅም መብትሽ ነው። ዲሲ ውስጥ ለዚህ ነገር በነጻ የሚቆሙ ጠበቆች አሉ። «ዋሽንግተን ሊጋል ክሊኒክ ፎር ዘ ሆምለስ» የተቋቋመው ለዚሁ ነው፤ «ሊጋል ኤይድ ዲሲ»ም አለ። ስትደውዪ መጀመሪያ የምትናገሪው ቃል «አማርኛ» ይሁን፣ ሁለተኛው ወረቀቱን የተቀበልሽበት ቀን። ቀኑን ሲሰሙ ጉዳዩ ምን ያህል እንደሚያጣድፍ ይገባቸዋል።

የቀጠሮ ሰዓት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ወረቀቱ ላይ 9:00 ኤኤም ካለ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። አንቺ ይህን ታውቂዋለሽ። ግን የአክስትሽ ልጅ ወይም ሌላ ምስክር የምታመጪ ከሆነ «ዘጠኝ ሰዓት» ብለሽ አትንገሪያት። ከሰዓት በኋላ ትመጣልሻለች። ያልቀረበ ሰው ጉዳዩ ሊዘጋበት ይችላል። በስልክ ወይም በቪዲዮ ከሆነም ስልክሽን ቻርጅ አድርጊ፣ ልጆቹን ሰው ይያዝልሽ፣ ጸጥ ያለ ቦታ ሁኚ።

ስለ አማርኛ ስናወራ፣ ይህ ለእኛ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ዲሲ በ2004 ያወጣው የቋንቋ ሕግ አለ። የከተማው መሥሪያ ቤቶችና ገንዘብ የሚሰጧቸው ድርጅቶች እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው በነጻ አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው፤ ይህ ለየትኛውም ቋንቋ ነው። ወሳኝ ወረቀቶችን በጽሑፍ መተርጎም ደግሞ የሚገደዱት ከሚያገለግሉት ሕዝብ 3 በመቶው ወይም 500 ሰው፣ ከሁለቱ ያነሰው፣ ቋንቋውን የሚናገር ከሆነ ነው። አማርኛ ከተማው በዚህ ሕግ ከሚተረጉምባቸው ስድስት ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ከስፓኒሽ፣ ከቻይንኛ፣ ከቬትናምኛ፣ ከፈረንሳይኛና ከኮሪያኛ ጋር። ከቤት ትወጫለሽ ከሚል ወረቀት የበለጠ ወሳኝ ወረቀት ምን አለ? በእንግሊዝኛ ብቻ ከተሰጠሽ፣ ይህን ሂሪንጉ ላይ አንሺ። ለብቻው ደግሞ ለዲሲው የሰብአዊ መብት ቢሮ አቤቱታ ማቅረብ ትችያለሽ።

እና እባክሽ፣ ልጅሽን አስተርጓሚ አታድርጊው። አንቺን እየወቀስኩ አይደለም፤ ሌላ ሰው አልነበረሽም። ግን የ9 ዓመት ልጅ ለእናቱ «ከዚህ ውጡ» የሚል ወረቀት ማንበብ የለበትም። ቃሉን ለማለስለስ ሲል ሊዘልም ይችላል። እንዲህ ያለ ልጅ አውቃለሁ። ቀኑ ያለበትን መስመር «እሱ አያስፈልግም» ብሎ አለፈው፤ እናቱ እንዳታለቅስ ነበር።

አሁን የአሳይለሙን ፍርሃት እንየው። ይህን ፍርሃት አቅልዬ አላይም። ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት መብቱን ጥሎ ይወጣል። ጉዳይሽን የሚሰማው የአስተዳደር ዳኛ የዲሲ ከተማ ዳኛ ነው። የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት የፌዴራል መንግሥት ነው፤ ሁለቱ አንድ ቢሮ አይደሉም፣ አንዱ የሌላውን ጉዳይ አይወስንም። እዚህ የሚወሰነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መጠለያው አንቺን ለማስወጣት ሕጉን ተከትሏል ወይስ አልተከተለም። የግል መረጃሽም በምስጢር እንዲያዝ ሕጉ ያዛል። መብትሽን ስለጠየቅሽ ሊበቀሉሽ፣ ሊቀጡሽ፣ ሊያንገላቱሽ አይችሉም፤ ይህም በሕጉ በግልጽ ተጽፏል። የአሳይለም ጠበቃ ካለሽ ግን ስለዚህ ሂሪንግ ንገሪው። አድራሻሽ ከተለወጠ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ ግዴታሽ ስለሆነ እሱ ማወቅ አለበት።

ይህን የሚያነቡ ሌሎችም አሉና ከዲሲ ትንሽ ልውጣ።

የእኛ ሰው በብዛት የሚኖረው ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ነው። መንገድ ተሻግሮ ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ከገባ እስካሁን የዘረዘርኩት የዲሲ ሕግ አይከተለውም። የ15 ቀኑ ሕግ የዲሲ ነው። የፌዴራል ገንዘብ ያለበት መጠለያ ግን የትም ቢሆን የፌዴራል ደንብ ይከተለዋል። «ኢመርጀንሲ ሶሉሽንስ ግራንት» በሚባለው ገንዘብ የሚሠራ መጠለያ አንድን ሰው ለማስወጣት የታወቀ ሥርዓት ሊኖረው ይገባል። ማስወጣትም ያለበት በጣም ከባድ በሆነ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ማቅለያ ሁኔታዎችን ሁሉ ከመረመረ በኋላ። የሚያስረዳ ሰነድ ስላልያዘ ብቻ ሰውን በር ላይ መመለስ አይፈቀድም። እንዲጸልይ ማስገደድም አይቻልም። በዚህ ደንብ ውስጥ በጣም የምወደው አንቀጽ ስለ ቤተሰብ ያለው ነው። ቤተሰብ የሚቀበል መጠለያ ከ18 ዓመት በታች የሆነውን ልጅ ዕድሜ ምክንያት አድርጎ ቤተሰቡን ሊመልስ አይችልም። «ልጅሽ 15 ሞልቶታል፣ ጎረምሳ ነው፣ እሱ ሌላ ቦታ ይደር» የተባለች እናት ካለች ይህን ትያዝ።

ኒውዮርክ ያላችሁ ሌላ ታሪክ አላችሁ። እዚያ በ1979 ሮበርት ሃየስ የሚባል ወጣት ጠበቃ፣ ሮበርት ካላሃን በሚባል ጎዳና ላይ በሚኖር ሰው ስም ከተማውንና ግዛቱን ከሰሰ። የያዘው የግዛቲቱን ሕገ መንግሥት ነው፤ የችግረኞችን እርዳታና እንክብካቤ የሕዝብ ጉዳይ የሚያደርገውን አንቀጽ። በ1981 ከተማው በስምምነት ፈረመ። ለመግባት ያለው መብት ከዲሲ ይልቅ እዚያ የሰፋው በዚህ ምክንያት ነው። በ2024 ግን በአዲስ ስምምነት ከውጭ አዲስ የመጡ ነጠላ ሰዎች የሚቆዩበት ጊዜ ተገድቧል። አዲስ መጤ የሆናችሁ ኒውዮርክ ያለ ጠበቃ ጠይቁ።

ወደ አንቺ ልመለስና ስለ ልጆችሽ ትምህርት። በ1987 በወጣው የማኪኒ ቬንቶ ሕግ መሠረት መጠለያ ውስጥ ያለ ልጅ ቢዛወርም፣ ቢወጣም በነበረበት ትምህርት ቤት የመቀጠል መብት አለው፤ ትራንስፖርቱም ይታሰብለታል። በየትምህርት ቤቱ በኩል ለዚህ የተመደበ ሰው አለ። የነገሩ መጨረሻ ምንም ይሁን፣ ልጆችሽን አሁን ከትምህርት ቤት አታውጪ። ልጆች ትምህርት ቤት ተመዝግበው መገኘታቸው መጠለያው ውስጥ ካሉብሽ ግዴታዎችም አንዱ ነው፤ አንዷም መቅረት በአንቺ ላይ እንዳትቆጠር።

እስከ ሂሪንጉ ድረስ የመግቢያ ሰዓቱን አክብሪ። አለቃሽን «ለሦስት ሳምንት ብቻ አንድ ሰዓት ቀደም ብዬ ልውጣ» ብለሽ ጠይቂው። እምቢ ካለሽና ባስ ካመለጠሽ፣ ወዲያው መጠለያው ደውዪ፤ ስልኩን ያነሣውን ሠራተኛ ስምና የሥራ ድርሻ ጠይቂ፣ ሲጠየቁ የመናገር ግዴታ አለባቸው። የደወልሽበትን ሰዓት ስልክሽ ላይ ስክሪንሾት አንሺው።

ነገ ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት ካደረስሽ በኋላ በቀጥታ ጁዲሺየሪ ስኩዌር ውረጂ። ማኅተም ያረፈበትን ኮፒ ፎቶ ላኪልኝና ወረቀቱን አብረን እናነበዋለን።